ዘጠኝ ዓይነት መድኃኒት በአንድ ፌስታል

«ማር ሲበዛ ይመራል» ይላሉ አበው። ማር እንኳ ሲበዛ የሚመር ከሆነ መድኃኒትማ እንዴት ይሆን? ይህን ጥያቄ ያስነሣብን፣ በቅርቡ ከጎንደር ከተማ ተነሥተን ወደ ሰሜን ጎንደር ደጋ፣ ወደ ዳባት፣ አያታችንን ልንጠይቅ በሄድን ጊዜ ያየነው ነገር ነው።

አያታችን በቤተ ክርስቲያን ደጅ ራሳቸውን አዙሯቸው ወድቀው ነበር። መድኃኒት ይወስዱ እንደ ሆነ ብንጠይቃቸው «መድኃኒቱማ ሞልቶልኛል፣ ልጄ» ብለው ከራስጌያቸው አንድ ፌስታል አወጡ። ዘርግፈን ብንቆጥር ዘጠኝ ዓይነት ሆነ። የጠዋቱንም የማታውንም ከቅዳሴ በኋላ በአንድነት ይውጡት ኖሯል። ከዚህም ሌላ ጎረቤት ያመጣችላቸው የተቀጠቀጠ ሥር በብልቃጥ ተቀምጧል።

የእያንዳንዱን አመጣጥ ብንመረምር ታሪኩ እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ለደም ግፊት ኤናላፕሪል ታዘዘላቸው። ይህ መድኃኒት አንዳንዱን ሰው ደረቅ ሳል ያስይዘዋል፤ እርሳቸውም ሳሉ። ብርድ መስሏቸው ሽሮፕ ገዙ። ቀጥሎ አምሎዲፒን ተጨመረ፤ ይህም እግር ሊያሳብጥ ይችላልና እግራቸው ሲያብጥ ሌላ ሐኪም የሚያሸና ክኒን አዘዘ። ለጉልበታቸው ሕመም ደግሞ በገዛ እጃቸው ዲክሎፌናክ ገዙ። ዲክሎፌናክ የደም ግፊትን ከፍ የሚያደርግ፣ ከኤናላፕሪልና ከሚያሸናው ክኒን ጋር ሲገናኝም ኩላሊትን ሊጎዳ የሚችል ነው። እርሱ ጨጓራቸውን ሲያቃጥላቸው ኦሜፕራዞል መጣ። የቀሩትም ሦስቱ በዚሁ መንገድ የገቡ ናቸው። ማንም ክፉ አላሰበም፤ እያንዳንዱ ሐኪም ፊቱ የቀረበለትን ሕመም አከመ። ፌስታሉን ግን ማንም አላየውም።

ነገሩ የአያታችን ብቻ አይደለም። አምስትና ከዚያ በላይ መድኃኒት አብሮ መውሰድ በሕክምና ቋንቋ ፖሊፋርማሲ ይባላል። ዕድሜው በገፋና የደም ግፊት፣ የስኳርና የልብ ሕመም በተደራረበበት ሰው ዘንድ በየአገሩ የተለመደ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 ዓ.ም. መድኃኒት ጉዳት እንዳያደርስ ዓለም አቀፍ ዘመቻ ሲጀምር፣ ይህንኑ ከሦስቱ ዋና ዋና ጉዳዮች አንዱ አድርጎታል። ሒሳብ የተማረ ሰው ያስተውለው፤ አምስት መድኃኒቶች ሁለት ሁለት እየሆኑ በ10 መንገድ ይገናኛሉ፤ ዘጠኝ ሲሆኑ በ36፤ የጎረቤቲቱ ሥር ሲጨመር በ45።

ይሁን እንጂ ብዛቱ ብቻውን ጥፋት አይደለም። የሳንባ ነቀርሳ ሕመምተኛ በመጀመሪያዎቹ 2 ወራት አራት መድኃኒቶችን አብሮ የሚውጠው፣ አንዱ ብቻውን ቢሰጥ ተሐዋሲው ስለሚለምደው ነው። እነዚያ አራቱ ታስቦባቸው የተገናኙ ናቸው፤ የአያታችን ዘጠኙ ግን ፌስታል ውስጥ በአጋጣሚ የተገናኙ ናቸው። አባቶቻችን ኮሶ በጠጡበት ቀን ሥራ ትተው፣ ከምግብ ተከልክለው ይውሉ ነበር፤ መድኃኒት ኃይል እንዳለው ያውቁ ነበርና።

ጎንደር ለዚህ ጉዳይ ባዕድ አይደለችም። በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጤና ጥበቃ ኮሌጅ፣ ወባና ሌላው ተላላፊ በሽታ ገጠሩን በሚያስጨንቅበት ዘመን የጤና መኮንኖችን አሠልጥኗል፤ ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆኖ የመድኃኒት ባለሙያዎችንም ያስተምራል። ዕውቀቱ ከአጠገባችን አለ፤ የጎደለው ፌስታሉን ይዞ የሚሄድ ሰው ነው።

እኛም ይዘን ሄድን። አንድ የመድኃኒት ባለሙያ ሁሉንም ጠረጴዛ ላይ ደርድሮ መዘገበ፤ ከሐኪም ጋር ተመካክሮም ዘጠኙ አራት ሆኑ። ሳሉን ያመጣው መድኃኒት በሌላ ስለ ተለወጠ ሽሮፑ አላስፈለገም። የጠዋቱና የማታውም ተለያየ። ይህን ሁሉ የወሰነው ግን ባለሙያው ነው። በገዛ ሥልጣን ማቋረጥ በገዛ ሥልጣን ከመጨመር ያላነሰ አደጋ አለው።

እንግዲህ ማንበብና መጻፍ የቻልን ወጣቶች በቤታችን ያለብን ሥራ ይህ ነው፤ የእያንዳንዱን መድኃኒት ስም፣ ያዘዘውን፣ ለምን እንደ ታዘዘና በስንት ሰዓት እንደሚወሰድ፣ የባህሉንም ሳይቀር፣ በአንድ ወረቀት ጽፎ ለባለሙያ ማሳየት። በመጪው በዓል ወደ አገር ቤት ስትሄዱ ስኳርና ቡና ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ፤ እርሳስና ወረቀትም ያዙ።