ገዳሙ ጠዋት፣ ወይኑ ከሰዓት

የጉዞ ማስታወቂያዬን አየር ጤና አካባቢ ሱቅ በር ላይ በለጠፍኩ ቁጥር ሁለት ዓይነት ስልክ ይመጣልኛል። ወጣቶቹ «ስንት ዓይነት ወይን ነው የምንቀምሰው?» ይላሉ። እናቶቹ ደግሞ «ልጄ፣ ጠጥቶ ገዳም መግባት ተጀመረ እንዴ?» ይሉኛል። ለእናቶቹ ቀድሜ እመልሳለሁ፦ የለም እማማ፣ ገዳሙ ጠዋት ነው፣ ወይኑ ከሰዓት። በመሃላቸው ደግሞ ሐይቅ አለ።

የምኖረው ቤቴል ነው፤ ሥራዬ ማስጎብኘት። ድሮ ከውጭ የሚመጡ እንግዶችን ወደ ሰሜን ይዤ እዞር ነበር፤ አሁን የምይዘው በብዛት የሰፈሬን ሰው ነው፤ የዓለም ባንክ፣ የአጣና ተራ፣ የአሥራ ስምንት ማዞሪያ ሰው። የኮልፌ ቀራንዮ ሰው ደግሞ መንገድ አይፈራም፤ ግማሹ ለመስቀል ወይም ለዐረፋ ወደ ጉራጌና ስልጤ የሚወርድ ነው። እንዲያውም የምንሄድበት መንገድ የእነሱ የአገር ቤት መንገድ ነው። ብዙ አስጎብኚ ወደ ዝዋይ የሚወርደው በቃሊቲ አድርጎ በሞጆ በኩል ነው። እኛ ከአየር ጤና ተነስተን በአለም ገና ወደ ቡታጅራ እንታጠፋለን። ለኛ የሚቀርበው እሱ ነው። መንገዱ ሰላም መሆኑን ዋዜማውን ደውለን ሳናረጋግጥ ግን ከሰፈር አንንቀሳቀስም።

ዝዋይን መንግሥት ባቱ ካላት ቆይቷል፤ ሐይቁን ግን ሰው አሁንም ዝዋይ ይለዋል። ሐይቁ ላይ አምስት ደሴቶች አሉ፦ ቱሉ ጉዶ፣ ፀደቻ፣ ፉንዱሮ፣ ደብረ ሲናና ገሊላ። ትልቁ ቱሉ ጉዶ ነው፤ ከውኃው ከ200 ሜትር በላይ ቀጥ ብሎ የወጣ ተራራ። እዚያ ላይ ያለው ገዳም ደብረ ጽዮን ማርያም ይባላል። ሐይቁን ተሻግሮ በስተደቡብ ምዕራብ፣ ከከተማዋ ጥግ፣ የፈረንሳዩ የካስቴል ኩባንያ የወይን እርሻና መጥመቂያ አለ። የተራራ ገዳምና የወይን መቅመሻ በአንድ ቀን ሊደረስባቸው የሚችሉበት ሌላ ቦታ በአገራችን ብዙ አላውቅም። ጆርጂያ ውስጥ ቢሆን ይህ ተራ ነገር ነው። አላቨርዲ የሚባለው ገዳም መነኮሳት ራሳቸው ወይን ይጠምቃሉ፤ በመሬት ውስጥ በተቀበረ ትልቅ የሸክላ እንስራ፤ ዩኔስኮም ይህን አጠማመቅ እ.ኤ.አ. በ2013 በቅርስነት መዝግቦታል። እዚያ ገዳሙን የጎበኘ ሰው ወይኑንም እዚያው ያገኘዋል። እኛ ጋ ገዳሙ የራሱ ወይን ቢኖረውም ለጎብኚ የሚቀመስ አይደለም። ወደሱ እመለሳለሁ።

ከአየር ጤና የምንነሳው ሌሊት 11 ሰዓት ነው። አዋሽን መልካ ቁንጡሬ ላይ ስንሻገር ይነጋል። እዚህ ቆመን ብንቆፍር የሚሊዮን ዓመት የድንጋይ መሣሪያ እናገኛለን እያልኩ ሰውን ከእንቅልፍ አነቃለሁ፤ ሥፍራው እ.ኤ.አ. በ2024 የዓለም ቅርስ ሆኗል። ጢያ ያሉት ትክል ድንጋዮች ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ እዚያው መዝገብ ላይ አሉ። አንቆምም። የምንቆመው ቡታጅራ ነው፤ ለቁርስ። እዚህ ላይ ቡድኑ ለሁለት ይከፈላል። ጠበል ልጠጣ፣ ልሳለም ብሎ የመጣው ሰው አውቶብስ ውስጥ ይቀራል፤ የቀረው ወርዶ ፍርፍሩን ያነሳል። ማንም ማንንም አይታዘብም፣ ወይም ቢታዘብም ድምፅ አያሰማም። ሾፌራችን የስልጤ ሰው ነው፣ ቡታጅራ ሲደርስ ፊቱ ይበራል፤ የሚያውቀው አያጣም።

ዝዋይ ስንደርስ የምቸኩለው ለነፋስ ነው። ሐይቁ ሰፊ ነው፤ ከ400 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ጥልቀቱ ግን ትንሽ ነው፤ በጣም ጥልቅ የሆነው ቦታ እንኳ 9 ሜትር አካባቢ ነው። ሰፊ ሆኖ ጥልቀት የሌለው ውኃ ትንሽ ነፋስ ሲነካው ቶሎ ይናወጣል፤ ነፋሱ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ይመጣል። ስለዚህ ጀልባ ላይ የምንወጣው ጠዋት ነው። ገዳሙ ከወይኑ እንዲቀድም የሚያስገድደን ሃይማኖት ብቻ አይደለም ማለት ነው፤ ሐይቁም ያስገድደናል። ከባሕሩ ዳር አባ ኮዳዎቹ ረጃጅም እግራቸው ላይ ቆመው የዓሣ አንጀት ይጠብቃሉ። ልጆች ያለ ማቋረጥ ፎቶ ያነሷቸዋል።

በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል እንሄዳለን። በደሴቶቹ የሚኖሩት የዛይ ሕዝቦች ናቸው። ቁጥራቸው ትንሽ ነው፤ አብዛኞቹም አሁን ከሐይቁ ዳር ባሉ መንደሮች ሰፍረዋል። ዓሣ አጥማጆች ናቸው፤ ከደንገል የሚሠሩትን ጀልባ አሁንም እናያለን። ቋንቋቸው ከስልጢኛና ከሐረሪ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። ሾፌራችን አውቶብሱን ለጥበቃ ሰጥቶ አብሮን ሲመጣ ይህን በራሴ ጆሮ ሰምቻለሁ፤ ከጀልባ ነጂው ጋር ግማሽ በስልጢኛ፣ ግማሽ በኦሮምኛ ይጨዋወታል፤ አንዳንዱን ቃል ደግመህ በለኝ እያለ ይስቃል። ከአየር ጤና ተነስቶ ሐይቅ መሃል ዘመድ ማግኘት እንዲህ ነው።

ትውፊቱን የምናገረው ጀልባው ላይ ነው፤ ተራራው ላይ ሰው ትንፋሽ ስለሚያጥረው። ዮዲት ጉዲት አክሱምን ባጠፋችበት ዘመን፣ ማለትም በ10ኛው መቶ ዘመን ገደማ፣ ካህናቱ ታቦተ ጽዮንን ይዘው ወደ ደቡብ ሸሹ፤ እዚህ ደሴት ላይ ሸሸጓት፤ አገር ሲረጋጋም ወደ አክሱም ተመለሰች ይባላል። ይህ የገዳሙና የዛይ ሽማግሌዎች ትውፊት ነው፤ እኔም እንደ ትውፊት ነው የምናገረው። በገዳሙ ያሉት የብራና መጻሕፍት ግን በዓይን የሚታዩ ናቸው።

ከአክሱም ጋር አያይዤ የምጨምረው ሌላ ነገር አለ፤ ይህን ስል ነው ወይን ሊቀምሱ የመጡት ጆሯቸውን የሚሰጡኝ። በ1ኛው መቶ ዘመን አንድ የግሪክ ነጋዴ ስለ ቀይ ባሕር ንግድ የጻፈው መጽሐፍ አለ፤ ፔሪፕለስ ይባላል። አዱሊስ ወደብ ላይ ከሚራገፉት ሸቀጦች መካከል የሎዶቅያና የኢጣሊያ ወይን ይቆጥራል፣ በዝቶ አይደለም ይላል እንጂ። እንግዲህ አክሱማውያን ወይን ከውጭ ያስመጡ ነበር። የወይን ጠርሙስ ከፈረንጅ ጋር ትናንት የመጣ የሚመስለው ሰው ይህን ሲሰማ ትንሽ ይገረማል።

ከጀልባ ወርደን አቀበቱን ስንወጣ ደንቡ ያው ነው፦ ነጠላ፣ ጫማ ማውለቅ፣ ካልተፈቀደ በቀር ፎቶ አለማንሳት፣ መግባት የሌለበት ሰው ከውጭ መቆም። ሽማግሌዎች ቀስ ብለው ይውጡ፤ ማንንም አላጣድፍም። ላይኛው ላይ ሆነው ሐይቁን ቁልቁል ሲያዩ፣ በስተምዕራብ ከተማዋንና ዳር ዳሩን የተዘረጋውን የአበባ እርሻ ያያሉ። ውኃው ለአበባውም፣ ለአትክልቱም፣ ለወይኑም የሚቀዳው ከዚሁ ሐይቅና ከወንዞቹ ነው። እኔ በበኩሌ የወይኑን ጣዕም ሳወራ ይህን ዝም ብዬ ማለፍ አልፈልግም።

እዚህ ላይ ነው ስለ ገዳሙ ወይን የምነግራቸው። ቅዳሴ ላይ የሚቀርበው ወይን ከጠርሙስ አይደለም። ከዘቢብ ነው። ዲያቆኑ ከቤተ መቅደሱ በስተምሥራቅ ባለችው ቤተልሔም ዘቢቡን በውኃ ዘፍዝፎ ይጨምቀዋል፤ የሚዘጋጀው ለዚያው ቅዳሴ ስለሆነ እንዲቦካ አይጠበቅም። ይህን ስነግር ብዙ ሰው፣ የቤተ ክርስቲያን ልጅ የሆነው ሳይቀር፣ «እኔ እኮ ከሱቅ የሚገዛ ይመስለኝ ነበር» ይላል። ከሰዓት የምናየው ፋብሪካ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ሙሉ ሥራው ማስቦካት ነው። አንድ ፍሬ፣ ሁለት መንገድ። ሁለቱን በአንድ ቀን ማየት የምወደው ለዚህ ነው፤ እናቶቹም ይህን ከሰሙ በኋላ ወደ ፋብሪካው ለመግባት ብዙ አያንገራግሩም።

ተመልሰን ዝዋይ ስንደርስ 8 ሰዓት ገደማ ይሆናል። ምሳ ዓሣ ነው፤ ቆሮሶ ጥብስ ከዳጣ ጋር። ሳይበላ ወይን የሚቀምስ ሰው አልወስድም፤ ይህ ለጤናውም ለጨዋነቱም ነው።

የካስቴል ጉብኝት በቀጠሮ ነው፤ በር ላይ ሄዶ ማንኳኳት አያዋጣም። ኩባንያው ባዕድ አይምሰላችሁ፤ ቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራን የሚጠምቀው ቢጂአይም የዚሁ ቡድን ነው። ከመንግሥት ጋር የተዋዋሉት እ.ኤ.አ. በ2007 ነበር፤ የመጀመሪያዎቹ ጠርሙሶች የወጡት በ2014 ነው። አካባቢው ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ያህል ነው፤ ለምድር ወገብ ቅርብ ቢሆንም ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፤ አፈሩም አሸዋማ ነው። ወይን ይህን ይወዳል። ተክሉ ከፈረንሳይ የመጣ ነው፤ ሜርሎ፣ ሲራ፣ ካበርኔ ሶቪኞን፣ ሻርዶኔ። እርሻው ዙሪያ ሰፊ ቦይ ተቆፍሯል። ለምን ይመስላችኋል? ለጉማሬ ነው። ሌሊት ከሐይቁ ወጥቶ እንዳይገባ። የቦርዶ ገበሬ ይህ ጣጣ የለበትም።

መጥመቂያው ውስጥ የሚሆነው ጠላ ለጠመቀ ሰው እንግዳ አይደለም። ፍሬው ይጨመቃል፣ እርሾው ስኳሩን ወደ አልኮል ይለውጣል፣ በትልልቅ የብረት ጋኖች ውስጥ ይረጋል፤ የተመረጠው በበርሜል ይቆያል። ቀይ ወይን ቀይ የሚሆነው ከነልጣጩ ስለሚቦካ ነው፤ ቀለሙ ያለው ልጣጩ ላይ ነው። ነጩ ግን ልጣጩ ቀድሞ ይወገድለታል። ከአጣና ተራ የመጡ አንዲት እናት ይህን ሰምተው «ጌሾ አይገባበትም?» ብለው ሲጠይቁ የፋብሪካው አስጎብኚ ልጅ ግራ ገባው። አይገባበትም አልኳቸው፤ «ታዲያ ምን ይይዘዋል?» አሉኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ የሚይዘው የፍሬው ኮምጣጣነትና ከልጣጩ የሚወጣው ምሬት ነው።

ቅምሻው ላይ የኛ ሰው የሚቸገርበት አንድ ነገር አለ። ባለሙያ ቀማሽ ወይኑን አፉ ውስጥ አዙሮ ይተፋዋል፤ ለዚህም ማንቆርቆሪያ መሰል ዕቃ ይቀርባል። በኛ አገር የቀረበልህን መጠጥ በአስተናጋጁ ፊት መትፋት ነውር ነው። ስለዚህ ሁሉም ይውጣል፤ እኔም መጠኑን እንዲያሳንሱ አስቀድሜ እነግራለሁ። ቅደም ተከተሉ ከነጩ ወደ ቀዩ፣ ጣፋጩ መጨረሻ ነው። መጀመሪያ ብርሃን ላይ ያዩታል፣ ብርጭቆውን አዙረው ያሸቱታል፣ ከዚያ ትንሽ ይጎነጫሉ። «ሪፍት ቫሊ» የሚባለው ደረቅ ስለሆነ በጠጅ ያደገ ሰው አይቀበለውም፤ ቀዩ በተለይ ብዙ እንደፈላ ሻይ አፍ ይይዛል። «አካሺያ» ለስለስ ያለና ጣፋጭነት ያለው ዓይነት አለው፤ አብዛኛው ሰው ወደሱ ያዘነብላል፣ በዚህም ማፈር አያስፈልግም። ከኮካ ጋር ቀላቅለን ብንጠጣስ የሚል ሁሌም አይጠፋም። ጉደር የሚባለውን የአዋሽ ወይን እንደዚያ እየጠጣ ያደገ ትውልድ ነው፤ አዋሽ የወይን ጠጅ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1943 ከተመሠረተ ወዲህ አዲስ አበባ ወይንን የለመደችው በራሷ መንገድ ነው። ፈረንሳዊ ቢሰማ ይደነግጥ ይሆናል፤ እኔ ግን ቤታችሁ ስትደርሱ እንደፈለጋችሁ አድርጉት፣ እዚህ ግን ብቻውን ቅመሱት እላለሁ።

ይህን ጉዞ በዐቢይ ጾም አላወጣም፤ ረቡዕና ዓርብም አልይዝም። የማይጠጣ ሰው ቢመጣ ግን ቦታ አለው፤ ብዙ ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ለደሴቱና ለዓሣው ብለው ይመጣሉ፤ በቅምሻው ሰዓት ከሾፌራችን ጋር ሻይ ይዘው ጥላ ሥር ይቀመጣሉ፤ የእነሱ ጨዋታ ከኛ የደመቀ ይመስለኛል።

የተገዛው ጠርሙስ ሁሉ የሚገባው ከታች ከዕቃ መጫኛው ውስጥ ነው፤ አውቶብስ ውስጥ አይከፈትም። ይህን ሕግ ያወጣው ሾፌራችን ነው፤ እኔም አጸናሁት። አንዱ ወጣት «አንተ ባትጠጣም እኛን ለምን ትከለክላለህ?» ብሎት ነበር፤ «መሪው እኔ እጅ ነው፣ ጫጫታው ግን ጆሮዬ ውስጥ ነው» አለው፤ ልጁም ዝም አለ። አየር ጤና የምንገባው ምሽት 3 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። በዚያ ሰዓት ወደ ቤቴልና ወደ ዓለም ባንክ ታክሲ ስለሚሳሳ፣ ከመነሳታችን በፊት ማን ከማን ጋር ወደየትኛው ሰፈር እንደሚሄድ በወረቀት እጽፋለሁ፤ ስትመዘገቡም የምጠይቃችሁ ሁለተኛው ነገር ይኸው ነው። የመጀመሪያው የምሳ ዓሣችሁ ጥብስ ወይስ ጉላሽ የሚለው ነው።