አበባ የሚልሰው ቀይ ቀበሮ

ለልጆቼ ብሔራዊ ፓርክ ማለት አንበሳ ማለት ነበር። ባሌ እንደምንሄድ ስነግራቸው ታናሹ መጀመሪያ የጠየቀኝ አንበሳ የመኪና በር መክፈት ይችል እንደሆነ ነው። በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ አንበሳ አለ፤ የሚኖረው ግን ከደጋው በታች በደቡብ በኩል በተዘረጋው የሐረና ደን ውስጥ ነው። ያ ደን ደግሞ ጉያው ያለውን ለእንግዳ ቶሎ አያሳይም። እኛ የምንሄደው ወደ ላይ፣ ወደ ሰነቴ ነበር።

መጀመሪያ ያረፍንባት ዲንሾ፣ የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ያለባት ከተማ፣ ለጀማሪ ቤተሰብ ደግ ናት። በጽድና በኮሶ ዛፎች መካከል ጥቂት እንደተራመድን የደጋ አጋዘን መንጋ አገኘን። ወንዱ ቀንዱ የተጠማዘዘ፣ ሴቶቹ ቀንድ አልባ ናቸው። ይህ እንስሳ ከኢትዮጵያ በቀር የትም አይኖርም። የፈረስ ያህል ግዙፍ ሆኖ ሳለ በሳይንስ መዝገብ የሰፈረው እ.ኤ.አ. በ1910 ነው። የባሌ ሰው ግን ከዚያ በፊትም ያውቀው ነበር። ይህን ልብ በሉልኝ፤ በኋላ ላይ ያስፈልገናል።

ከጎባ ሽቅብ ስንወጣ ዛፉ እያጠረ ሄዶ አስታው ቀረ፤ ከዚያም ሜዳው ተገለጠ። ሰነቴ ከባሕር ወለል በላይ ከ4,000 ሜትር የሚበልጥ አምባ ነው፤ ቱሉ ዲምቱ የሚባለው ጫፉ 4,377 ሜትር ይደርሳል። ባለቤቴን ራስ ምታት ያዛት። እኔም በጉብዝና መሮጥ ስጀምር አስጎብኚያችን፣ የአካባቢው ልጅ፣ «ጋሼ፣ ቀስ ይበሉ፤ እዚህ ትንፋሽ ያጥራል» አለኝ። ብርዱን አላወራላችሁም።

ቀይ ቀበሮውን መጀመሪያ ያየችው ልጄ ናት። ብቻውን ነበር። በቡድን እየኖረ ለአደን ብቻውን የሚወጣ አውሬ ነው። አንገቱን ዝቅ አድርጎ፣ እግሩን ቀስ እያለ እያነሳ ወደ አንድ ጉድጓድ ተጠጋና ቆመ። አስጎብኚው በሹክሹክታ አስረዳን፦ ጉድጓዱ የትልቁ ፍልፈል ነው፤ ፍልፈሉ የባሌን ተራሮች ትቶ የትም አይገኝም፤ ሣር ሊያጭድ ብቅ የሚለው ለአጭር ጊዜ ነው፤ ቀበሮውም ያን ቅጽበት ይጠብቃል። ምግቡ በሙሉ ለማለት ይቻላል አይጥና ፍልፈል ነው። እኛም አብረነው ጠበቅን። ፍልፈሉ አልወጣም።

ቀበሮው ተስፋ ቆርጦ ሄደ ስንል፣ እንደ ተለኮሰ ችቦ ቀጥ ብለው ከቆሙ ቀይና ቢጫ አበቦች መሃል ገባ። አፍንጫውን ከአንዱ ላይ ደቀነ። ቆየ። ወደ ሁለተኛው አለፈ።

«አበባ ያሸታል እንዴ?» አለች ልጄ።

«አያሸትም፣ ይልሳል» አለ አስጎብኚው።

የሚቀልድባት መሰለኝ። በመነጽር ሳየው ግን ምላሱ በግልጽ ይታያል፤ አፍንጫውም በአበባው ብናኝ ቢጫ ሆኗል።

ነገሩ ለእኛ ብቻ አይደለም አዲስ የነበረው። በቀይ ቀበሮ ጥበቃ ላይ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ይህን ልማድ «ኢኮሎጂ» በተባለው የሳይንስ መጽሔት ያሳተሙት በኅዳር 2017 ዓ.ም. ነው። አንዳንዱ ቀበሮ በአንድ ዙር እስከ 30 አበባ ሲልስ ታይቷል። ትልልቆቹ ግልገሎቻቸውን ወደ አበባው ሜዳ ይዘው ስለሚመጡ፣ ትንንሾቹ ከነሱ ሳይማሩ አይቀሩም። ሥጋ በል የሆነ ትልቅ አውሬ የአበባ ወለላ ሲልስ ከዚያ በፊት ተመዝግቦ አያውቅም። በአፍንጫው የሚይዘው ብናኝ አበቦቹን ያዳቅል እንደሆነ ገና አልተረጋገጠም፤ ተመራማሪዎቹ ግን ሊሆን ይችላል ይላሉ።

እኔን ይበልጥ የገረመኝ የግኝቱ መነሻ ነው። በባሌ ቀበሮዎች ላይ ከ30 ዓመት በላይ የሠሩት ፕሮፌሰር ክላውዲዮ ሲሌሮ እንደተናገሩት፣ አበባው ጣፋጭ መሆኑን መጀመሪያ ያወቁት የእረኛ ልጆች ሲልሱት አይተው ነው። እሳቸውም ቀመሱት፤ ወደዱት። ቀበሮዎቹ ያንኑ ሲያደርጉ ያዩት ከዚያ በኋላ ነው። እንግዲህ እረኛው ልጅ ከፕሮፌሰሩ ቀድሟል፤ የባሌ ሰው በደጋው አጋዘን ጉዳይም ሳይንስን እንደቀደመ ሁሉ። በእኔ አስተያየት፣ ስለ አገራችን አራዊት ገና ያልተጻፈው ብዙ ነገር በእረኞች ዘንድ ጠያቂ እየጠበቀ ተቀምጧል።

ልጆቼ በመልስ ጉዞ አንበሳን አላነሱም። ያነሱት ውሻን ነው፤ ምክንያቱም አስጎብኚው ከባዱን ነገር ሳይደብቅ ነግሯቸዋል። በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች ከ500 አይበልጡም፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ባሌ ናቸው። የእብድ ውሻ በሽታ ከእረኞች ውሾች እየተላለፈ ደጋግሞ ፈጅቷቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2003 በዚሁ ፓርክ ባለው በዌብ ሸለቆ ከነበሩት አብዛኞቹ አልቀዋል። እረኛውን «ውሻህን አስወግድ» ማለት ቀላል ነው፤ ሌሊት ጅብ በጎቹ ላይ ሲመጣ ማን ይጮህለታል? ስለዚህ የተያዘው መንገድ ውሾቹን መከተብ ነው፤ ቀበሮዎቹም በሥጋ ውስጥ የሚደበቅ የሚዋጥ ክትባት ይሰጣቸው ጀምሯል።

ፓርኩ በ1962 ዓ.ም. ተመሠረተ፤ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። እናንተም ሂዱ። አበባው ሳይረግፍ፣ በመስከረም ወይም በጥቅምት ብትደርሱ ይሻላል። በሰነቴ መንገድ ላይ ቀስ ብላችሁ ንዱ፣ ውሻችሁን ቤት ተዉት፣ የአካባቢውን ልጅ አስጎብኚ አድርጋችሁ ያዙ፤ አንበሳ የት አለ ከማለታችሁ በፊትም እሱ ምን እንዳየ ጠይቁት።