«በእጥፍ ጨመረ» ሲባል ከስንት ተነሥቶ ነው?

አንድ መድኃኒት የአንድን በሽታ ሥጋት «በ100 ፐርሰንት ያሳድጋል» የሚል ዜና፣ መነሻው ስንት እንደነበረ እስካልነገረ ድረስ፣ ድንጋጤ እንጂ ዕውቀት አይሰጥም፤ ይህን ያህል ቀላል ነገር ከጤና ዜናዎች ውስጥ ዛሬም ደጋግሞ መጉደሉ በቸልታ ሊታለፍ የሚገባው አይደለም። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1995 የብሪታንያ የመድኃኒት ደኅንነት ኮሚቴ፣ ሦስተኛ ትውልድ የሚባሉት የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብሎች የደም መርጋትን ሥጋት በእጥፍ እንደሚጨምሩ አስጠነቀቀ። ከማስጠንቀቂያው በስተጀርባ የነበረው ቁጥር ግን የቀድሞውን እንክብል ከሚወስዱ 7,000 ሴቶች አንዷን ያገኝ የነበረው ሕመም፣ አዲሱን ከሚወስዱ 7,000 ሴቶች ሁለቱን ያገኛል የሚል ነበር። ብዙ ሴቶች እንክብሉን በድንጋጤ አቋረጡ፤ በቀጣዩ ዓመትም በእንግሊዝና በዌልስ 13,000 ያህል ተጨማሪ ፅንስ የማቋረጥ ድርጊቶች እንደተፈጸሙ ተገምቷል። እርግዝና ራሱ ከእንክብሉ ይበልጥ ለደም መርጋት የሚያጋልጥ መሆኑን በዚያ ሰሞን ያስታወሰ ጥቂት ነው።

ከእንዲህ ያለው ክስተት ተነሥቶ «የሰው አእምሮ ለቁጥር አልተፈጠረም» ብሎ መደምደም የተለመደ ሲሆን፣ ለዚህም ዳንኤል ካነማንና አሞስ ትቨርስኪ በ1974 ያሳተሙት ስለ ግምታዊ ፍርድና ስለ ስሕተቶቹ የሚያወሳ ጽሑፍ በምስክርነት ይጠራል። ድምዳሜው ግን የችኮላ ነው፤ ምክንያቱም የስሕተቱ አንዱ ምንጭ ቁጥሩ የቀረበበት መልክ ነው።

በ1978 የታተመ አንድ ጥናት በሃርቫርድ የሕክምና ትምህርት ቤት ለ60 ሐኪሞችና ተማሪዎች የሚከተለውን ጥያቄ አቅርቦ ነበር። ከ1,000 ሰው አንዱን የሚይዝ በሽታ አለ፤ ምርመራው ደግሞ ከጤነኞች 5 ፐርሰንቱን በስሕተት «ታማሚ» ይላል፤ ታዲያ ምርመራው «ታማሚ ነህ» ያለው ሰው በእርግጥ የመታመም ዕድሉ ስንት ነው? ግማሽ ያህሉ 95 ፐርሰንት ብለው ሲመልሱ፣ ትክክለኛውን 2 ፐርሰንት የሰጡት 11 ብቻ ነበሩ። ያው ጥያቄ በሰው ቁጥር ሲነገር ግን መልሱ ከፊት ለፊት ይታያል፤ ከ1,000 ሰዎች አንዱ ታማሚ ነው፣ ምርመራውም ያገኘዋል፤ ከቀሩት 999 ጤነኞች ደግሞ 50 ያህሉ በስሕተት «ታማሚ» ይባላሉ፤ ስለዚህ «ታማሚ» ከተባሉት 51 ሰዎች በእርግጥ የታመመው አንድ ነው።

በሁለቱ አቀራረቦች መካከል የሚለወጠው የሒሳቡ መንገድ ነው። ፐርሰንት እያንዳንዱን ቡድን ከ100 አንጻር አስተካክሎ ስለሚያቀርብ፣ ታማሚዎቹ እጅግ ጥቂት፣ ጤነኞቹ እጅግ ብዙ መሆናቸውን ይሰውራል፤ አንባቢውም የተሰወረውን መነሻ መጠን፣ ማለትም በሽታው በሕዝቡ መካከል ያለውን ስርጭት፣ በማባዛትና በማካፈል መልሶ ማስገባት ይኖርበታል። ገርድ ጊገረንዘርና ኡልሪክ ሆፍራገ ተፈጥሯዊ ድግግሞሽ ብለው የሰየሙት፣ ሰዎችን ከአንድ የጋራ ስብስብ ሳይነጥል የሚቆጥር አቀራረብ ግን መነሻ መጠኑን በውስጡ ይዞ ይጓዛል። ማንበብና መጻፍ የማይችል ባለመድኃኒት እንኳ የአንድን በሽታ ምልክት ካየባቸው ሰዎች ስንቱ እንደታመሙ ካስታወሰ፣ ቀመር ሳያውቅ ተገቢው ግምት ላይ ይደርሳል። ሁለቱ ተመራማሪዎች በ1995 ባሳተሙት ጥናት ትክክለኛ አስተሳሰብ የተከተሉት መልሶች በፐርሰንት 16፣ በድግግሞሽ ሲቀርብ 46 ከመቶ ሆነዋል።

ከዚህ በኋላ ያለው ጉዳይ አከራካሪ በመሆኑ ጥንቃቄ ይሻል። ጊገረንዘርና እርሱን የሚደግፉት ምሁራን ልዩነቱ የመነጨው አእምሮ በረጅሙ የሰው ልጅ ታሪክ ክስተቶችን በመቁጠር ከመቀረጹ እንደሆነ ሲናገሩ፣ ስቲቨን ስሎማንና ባልደረቦቹ በ2003 ባቀረቡት ጥናት የሚረዳው ቁጥሩ ሳይሆን፣ አነስተኛው ስብስብ በትልቁ ውስጥ ተካትቶ በግልጽ መታየቱ ነው ብለዋል። የቀረቡት ሙከራዎች ይበልጥ የሚደግፉት ይህን ሁለተኛውን ማብራሪያ ይመስላል፤ ሆኖም ሁለቱም ወገኖች አቀራረቡ መጥቀሙን አይክዱም። የጥቅሙ መጠን ግን ከልክ በላይ መጋነን የለበትም፤ በ2017 የታተመ፣ በርካታ ጥናቶችን አሰባስቦ የመረመረ ሥራ እንደሚያሳየው፣ በድግግሞሽ ሲቀርብላቸው በትክክል የመለሱት በአማካይ 24 ከመቶ፣ በፐርሰንት ሲቀርብላቸው ደግሞ 4 ከመቶ ነበሩ። ከአራቱ ሦስቱ ጥያቄው በተሻለው መንገድ ቀርቦላቸውም ስለተሳሳቱ፣ ምርመራ ያዘዘ ሐኪም ቁጥሩን በሰው ልክ ከተናገረ በኋላም ታካሚው የተረዳውን በራሱ አንደበት መልሶ እንዲነግረው መጠየቅ ይገባዋል።