ሁለት ጊዜ የዘመተችው የሽርሽር መርከብ

እ.ኤ.አ. በ1902 በአሜሪካ፣ ዴላዌር ግዛት፣ ዊልሚንግተን ውስጥ የተሠራችው «ሴልት» ለጦርነት የታሰበች አልነበረችም። ያሠራት የባቡር ኩባንያ ባለሀብቱ ጄ. ሮጀርስ ማክስዌል ነው፤ 57 ሜትር ያህል የምትረዝም፣ በእንፋሎት የምትሄድ የቅንጦት መርከብ ነበረች። ኋላ የገዟት ሰው «ሴቸም» አሏት።

በ1917 አሜሪካ አንደኛው የዓለም ጦርነት ውስጥ ስትገባ የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች ስጋት ሆኑ። አጥፊ መርከብ ሠርቶ ማውጣት ጊዜ ይፈልጋል። የሀብታሞቹ የሽርሽር መርከቦች ግን ሞተርም፣ የመኝታ ክፍልም፣ ወጥ ቤትም ያላቸው፣ ባሕር የለመዱ ናቸው። የቤት ዕቃው ወጥቶ መድፍ ሲተከልባቸው ወደ ቅኝት ይሰማራሉ። እርግጥ ከሰርጓጅ ጋር ፊት ለፊት ቢታኮሱ የማሸነፍ ዕድላቸው ጠባብ ነው። ጥቅማቸው ሌላ ነው፦ ቃኚ መርከብ ያየ ሰርጓጅ ወደ ውኃ ውስጥ ይገባል፤ ከገባ ደግሞ በባትሪ ስለሚሄድ ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ ጭነት የያዙት መርከቦችም ያመልጡታል።

«ሴቸም» «ኤስፒ-192» የሚል መለያ ተሰጣት። ዕጣዋ ግን ከሌሎቹ ተለየ። የባሕር ኃይሉን አማካሪ ቦርድ ይመራ የነበረው ቶማስ ኤዲሰን፣ በ70 ዓመቱ፣ ሰርጓጆችን ለመመከት ለሚያደርጋቸው ሙከራዎች ቤተ ሙከራው አደረጋት። ከ40 በላይ ሐሳብ አቀረበ፤ ባሕር ኃይሉ ግን አንዱንም ሥራ ላይ አላዋለልኝም ብሎ አማርሯል። ሽማግሌው መበሳጨቱ አይገርምም።

ከጦርነቱ በኋላ ለባለቤቷ ተመለሰች፤ በ1930ዎቹ ደግሞ ብሩክሊን ውስጥ ዓሣ ማጥመድ ለሚወዱ ከፋይ ተሳፋሪዎች ትሠራ ጀመር። በ1942፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ የጀርመን ሰርጓጆች እንደገና የአሜሪካን ጠረፍ ሲያምሱ ባሕር ኃይሉ ወሰዳትና «ፌናካይት» አላት። ለሽርሽር መርከቦቹ የከበሩ ማዕድናትን ስም ማውጣት ልማዱ ነበር፤ ምቾቷን ገፍፎ የዕንቁ ስም መስጠቱ እኔን ያስቀኛል። በፍሎሪዳ ደሴቶች ዙሪያ ቃኘች፣ በድምፅ ሞገድ ሰርጓጅን የሚፈልገው ሶናርም ተሞከረባት። በሁለቱም ጦርነቶች ከመድፏ ይልቅ ለሙከራ መዋሏ የበለጠ አገልግሏል ባይ ነኝ።

በ1945 ከአገልግሎት ወጣች። ከዚያም «ሰርክል ላይን 5» ተብላ ጎብኚዎችን ኒው ዮርክን ስታዞር ኖረች። በ1986 አንድ ግለሰብ በ7,500 ዶላር ገዛት፤ በዚያው ዓመት በማዶና «ፓፓ ዶንት ፕሪች» ቪዲዮ ታየች። አዲሱ ባለቤትም በታላላቆቹ ሐይቆችና በሚሲሲፒ ወንዝ አድርጎ ወደ ኦሃዮ ወንዝ ወሰዳት። ዛሬ ፒተርስበርግ፣ ኬንታኪ አጠገብ፣ ወደ ኦሃዮ በሚገባ ጅረት ውስጥ ዝጋ ቆማለች፤ በትንሽ ጀልባ የሚቀዝፉ ሰዎች እየሄዱ ያዩአታል።