መስመርና ምድር፦ የድሬዳዋ–ጅቡቲ መተላለፊያ የቦታ ፕላን ጥያቄ ከሐርላ ሲታይ

መግቢያ

ከድሬዳዋ ከተማ በስተደቡብ ምሥራቅ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ሐርላ ዛሬ የገጠር መንደር ናት። ነዋሪዎቿ በእርሻቸው መካከል የሚያገኟቸውን ታላላቅ የግንብ ድንጋዮች እያዩ፣ በጥንት ዘመን ግዙፋን ሰዎች ይኖሩባት እንደነበር ሲተርኩ ኖረዋል። እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በኤክሰተር ዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ በቲሞቲ ኢንሶል መሪነት፣ ከኢትዮጵያ የቅርስ ጥናትና ጥበቃ ባለሥልጣን ጋር በመተባበር የተካሄደው ቁፋሮ ግን ሌላ ታሪክ ገለጠ። የ12ኛው ክፍለ ዘመን መስጊድ፣ የመቃብር ስፍራና የጌጣጌጥ መሥሪያ ቦታ ተገኘ፤ ከማዳጋስካር፣ ከማልዲቭ፣ ከየመንና ከቻይና የመጡ ዕቃዎችም ከ13ኛው ክፍለ ዘመን የግብፅ ሳንቲሞች ጋር ከአፈር ወጡ።

ከባሕር ዳርቻ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ የምትገኝ ከተማ ይህን ያህል ከሩቅ ዓለም የተሳሰረችው በአቀማመጧ ነው። ሐርላ ያለችው የሐረርጌ ደጋ ወደ ቆላው በሚወርድበት መገናኛ ላይ ነው፤ የወደቡ ጎዳና ያመጣው ሸቀጥ ከደጋው ምርትና ከቆላው እንስሳት ጋር የሚገናኘው በእንዲህ ያለ ስፍራ ነው። ይህ ጽሑፍ የሐርላን አቀማመጥ መነሻ በማድረግ፣ ዛሬ ድሬዳዋን ከጅቡቲ ጋር የሚያስተሳስሩት ግንባታዎች የሚያልፉበትን ምድር የሚመለከት የጋራ የቦታ ፕላን ለምን እንደሚያስፈልግና ለምን አስቸጋሪ እንደሆነ ያብራራል።

ድንበር የተሻገሩ መስመሮች

ድሬዳዋ የባቡር ልጅ ናት። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ ሐረር ለመድረስ ተራራውን መውጣት ስለከበደው፣ በ1895 ዓ.ም. ከተራራው ግርጌ አዲስ ጣቢያ ተቆረቆረ፤ ስፍራውም በመጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ተባለ። መስመሩ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። የሐርላ የመገናኛነት ሚና በዚህ መንገድ በሌላ ከተማና በሌላ ቴክኖሎጂ ተመልሶ መጣ።

ባለፉት ሁለት አሥርት ዓመታት በዚሁ አቅጣጫ በርካታ መስመሮች ተዘርግተዋል። እ.ኤ.አ. በ2011 ከድሬዳዋ ወደ ጅቡቲ የተዘረጋው የ230 ኪሎ ቮልት የኤሌክትሪክ መስመር በአፍሪካ ልማት ባንክ ድጋፍ ሥራ ጀመረ። 752 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመው አዲሱ የባቡር መስመር በመስከረም 2009 ዓ.ም. ተመርቆ በ2010 ዓ.ም. መደበኛ የንግድ አገልግሎት መስጠት ጀመረ። ኢትዮጵያ 75 በመቶ፣ ጅቡቲ 25 በመቶ ድርሻ ያላቸው የጋራ አክሲዮን ማኅበርም ተቋቋመ። በሶማሌ ክልል ሲቲ ዞን ከአዲጋላ አካባቢ የሚወጣ የከርሰ ምድር ውኃ በቧንቧ ድንበር ተሻግሮ የጅቡቲን ከተሞች ያጠጣል። የድሬዳዋ–ደወሌ የክፍያ መንገድና በነሐሴ 2014 ዓ.ም. በድሬዳዋ ሥራ የጀመረው ነጻ የንግድ ቀጠና በዚሁ ዝርዝር ውስጥ ይገባሉ።

እነዚህ ሥራዎች ድንበር ተሻጋሪ ትብብር እንደሚቻል ያረጋግጣሉ። የጋራ ባሕርያቸው ግን ልብ ሊባል ይገባል፦ ሁሉም መስመሮች ወይም ነጥቦች ናቸው። እያንዳንዱ በራሱ ስምምነት፣ በራሱ የገንዘብ ምንጭና በራሱ ተቋም የተሠራ ነው። ሐዲዱ የሚያልፍበትን የግጦሽ መሬት፣ ውኃው የሚወጣበትን ቀበሌና ነጻ ቀጠናው የሚስበውን የሰፈራ መስፋፋት በአንድነት ማየት ከእነዚህ ተቋማት የአንዳቸውም ተግባር አይደለም። ስለዚህ በሐዲዱ ላይ በባቡር የሚገጩ ግመሎችና ከብቶች ጉዳይ በካሳ ጥያቄነት ይስተናገዳል። የመንጋ መሻገሪያው የት ይሁን የሚለው የፕላን ጥያቄ ግን አስቀድሞ መልስ ማግኘት የነበረበት ነው።

ሥልጣን እንዴት ተከፋፈለ?

ለዚህ ክፍተት አንዱ ምክንያት የሥልጣን አደላደል ነው። በ1987 ዓ.ም. በጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 51 መሠረት ዓለም አቀፍ ስምምነት መዋዋል፣ ክልሎችን የሚያገናኙ ዋና ዋና መንገዶችና የባቡር ትራንስፖርት፣ እንዲሁም ከአንድ በላይ ክልሎችን የሚያገናኙ ወይም ድንበር የሚሻገሩ ውኃዎች አጠቃቀም የፌዴራሉ መንግሥት ሥልጣን ነው። በአንቀጽ 52 ደግሞ መሬትንና የተፈጥሮ ሀብትን በፌዴራል ሕግ መሠረት ማስተዳደር ለክልሎች ተሰጥቷል። በአጭሩ፣ መስመሩ የፌዴራል ሲሆን ምድሩ የክልል ነው።

በድሬዳዋ ላይ ጉዳዩ ይበልጥ ይወሳሰባል። በአዋጅ ቁጥር 416/1996 የተቋቋመው የድሬዳዋ አስተዳደር ተጠሪነቱ ለፌዴራሉ መንግሥት ነው፤ ዙሪያውን የሚያዋስኑት ግን የኦሮሚያና የሶማሌ ክልሎች ናቸው። የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 የፕላን ደረጃዎችን ከብሔራዊ የከተማ ልማት ስኪም፣ በክልላዊ የከተማ ልማት ፕላን በኩል፣ እስከ ከተማ ፕላን ይዘረዝራል። መካከለኛው ደረጃ የክልልን ወሰን መነሻ ስለሚያደርግ፣ ሁለት ክልሎችና አንድ የከተማ አስተዳደር በሚጋሩት፣ ከዚያም አልፎ ጎረቤት አገርን በሚነካ ምድር ላይ ፕላኑን ማን ያነሣሣው፣ ማንስ ያጽድቀው የሚለው ጥያቄ ይቀራል። ድንበር ተሻጋሪው ችግር እንግዲህ ደወሌ ላይ ሳይሆን ከከተማው ጫፍ ይጀምራል።

ደቻቱ ያስተማረው

የዚህ ክፍተት ዋጋ በሰው ሕይወት ተከፍሏል። ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ 1998 ዓ.ም. የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ድሬዳዋን ሲያጥለቀልቅ ከ250 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ በሺህ የሚቆጠሩ ቤት ንብረታቸውን አጡ። ደቻቱ ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ አይደለም፤ በአብዛኛው ወራት ደረቅ አሸዋ ሲሆን ገበያም ይቆምበታል። ጎርፉ የሚመጣው ከከተማዋ በስተደቡብ ካለው የምሥራቅ ሐረርጌ ደጋ ነው። ደን የተራቆተበትና በገደል ላይ የሚታረስበት ተዳፋት ያለው በአንድ አስተዳደር፣ ጎርፉ የሚያርፍበት ሰፈር በሌላ አስተዳደር ውስጥ ነው።

ከጎርፉ በኋላ በከተማው ውስጥ የመከላከያ ግድግዳዎች ተሠርተዋል። ግድግዳው የሚመልሰው ግን የደረሰውን ውኃ ነው፤ የላይኛውን ተፋሰስ አይነካም። እርከንና የደን ልማት በኦሮሚያ በኩል ሲሠራ ጥቅሙ በአመዛኙ ድሬዳዋ ላይ ይታያል፤ ወጪውና የመሬት አጠቃቀም ገደቡ ግን በላይኛው ገበሬ ላይ ይወድቃል። ወጪንና ጥቅምን የሚያመዛዝን የጋራ ስምምነት ከሌለ ገበሬው ተዳፋቱን የሚተውበት ምክንያት የለውም። የአዲጋላ ውኃም ተመሳሳይ ጥያቄ ያነሣል፦ የከርሰ ምድር ውኃው የሚሞላበትን ምድር ማን ይጠብቅ፣ በምን ማካካሻ?

የሌሎች ልምድና የአካባቢው ሀብት

በአውሮፓ እ.ኤ.አ. በ1958 በጀርመንና በኔዘርላንድ ወሰን፣ በግሮናውና በኤንስኬዴ ዙሪያ የተመሠረተው ኤውሬጂዮ፣ ትብብሩን በማዕከላዊ መንግሥታት ብቻ ሳይወስን በአዋሳኝ ማዘጋጃ ቤቶች ላይ በመመሥረቱ ይታወቃል። በአፍሪካም የአፍሪካ ኅብረት እ.ኤ.አ. ሰኔ 2014 በማላቦ ያጸደቀውና የኒያሜ ስምምነት የተባለው የድንበር ተሻጋሪ ትብብር ሰነድ፣ የድንበር ነዋሪዎችንና የአካባቢ አስተዳደሮችን የትብብሩ ባለቤቶች አድርጎ ይመለከታል።

ሐሳቡ ለአካባቢው እንግዳ አይደለም። የኢሳ ሶማሌዎች ባህላዊ ሕግ የሆነው ሄር ኢሳ በኢትዮጵያ፣ በጅቡቲና በሶማሊያ ያሉ የጎሣው አባላትን የሚዳኝ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2024 የሦስቱ አገሮች የጋራ ቅርስ ሆኖ በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሰፍሯል። አዲሱ ሐዲድና ቧንቧ በሚያልፉበት ምድር አለመግባባትን በድርድር የሚፈታ፣ ድንበር የማያቋርጠው ተቋም አስቀድሞ አለ ማለት ነው። የፕላን ባለሙያ ሊጠይቀው የሚገባው ይህ ተቋም በመንጋ መሻገሪያና በውኃ ነጥብ ምርጫ ላይ እንዴት ድምፅ ያግኝ የሚለውን ነው።

ማጠቃለያ

የድሬዳዋ–ጅቡቲ መተላለፊያ የመስመር እጥረት የለበትም፤ የጎደለው የመስመሮቹ ምድር የጋራ ፕላን ነው። ሥራውን ከሁለቱ አገሮች ስምምነት ከመጀመር ይልቅ፣ የመንግሥታት ግንኙነት ሥርዓትን በሚወስነው አዋጅ ቁጥር 1231/2013 መሠረት በድሬዳዋ፣ በኦሮሚያና በሶማሌ መካከል በደቻቱ ተፋሰስ ላይ በተወሰነ የጋራ ፕላን መጀመር ይቻላል። ተፋሰሱ ወሰኑ የሚታወቅ፣ አደጋው የታየና ተጠቃሚው ግልጽ ስለሆነ ለመነሻነት ይመቻል። በዚያ የሚገኘው የወጪና የጥቅም አከፋፈል ልምድ በኋላ ወደ ሲቲ ዞንና ወደ ጅቡቲ ሊሻገር ይችላል።

በዚህ ፕላን ውስጥ ሐርላም ቦታዋ ሊወሰን ይገባል። ቅርሱ ያለው ሰው በሚኖርበትና በሚያርስበት መንደር ውስጥ በመሆኑ፣ የመንገድ ማስፋፊያውና የመኖሪያ ሰፈሩ ወሰን ከመቁረጡ በፊት የቁፋሮው ስፍራ በካርታው ላይ መስፈር አለበት፤ ከሰፈረ በኋላ ግን ነዋሪው ከጥበቃው የሚያገኘው ጥቅምም አብሮ መጻፍ ይኖርበታል።