ሜዳይ ቢጠፋ መዝገብ ይመስክር

ለአገሩ ክብር ሲል ሕይወቱን ለሞት አሳልፎ የሰጠ ወታደር የሚቀበለው ሜዳይ በመዳብና በብር ክብደት የሚገመት ገንዘብ አይደለም። ሜዳይ የመንግሥት ቃል ነው፤ ይህ ሰው በዚያ ቀን በዚያ ስፍራ ነበረ፤ ያደረገውም ታይቶለታል ብሎ በአደባባይ የሚመሰክር ቃል ነው። ቃልም የሚጸናው በጽሑፍ ሲደገፍ ነው። ስለዚህ ሜዳዩ ከደረት ላይ ቢጠፋ ሌላ ሊሠራ ይቻላል፤ ስሙ ከመዝገብ ቢጠፋ ግን ባለቤቱ በዚያ ቀን በዚያ ስፍራ እንዳልነበረ ይቈጠራል። የወታደር ሁለተኛው ሞት ይህ ነው።

ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን በጉለሌ በኩል ሽቅብ የወጣ ሰው እንጦጦ ማርያምን ያገኛል። ዳግማዊ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በአቡነ ማቴዎስ እጅ ተቀብተው የንጉሠ ነገሥትነትን ዘውድ የጫኑት በዚህ ቤተ ክርስቲያን ነው። በቅጽሩ ውስጥ ባለው ቤተ መዘክር የዚያ ዘመን አልባሳትና ንዋያት ተጠብቀው ይታያሉ። ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴም የንጉሠ ነገሥቱን ታሪክ ጽፈው ለትውልድ አቈይተዋል። እንግዲህ ለዚያ ቀን ስፍራው ይመሰክራል፤ ዕቃው ይመሰክራል፤ ጽሑፉም ይመሰክራል፤ ተጠራጥሮ የሚከራከር አይገኝም።

ከዚሁ ከእንጦጦ ተራራ ወደ ከተማው ቍልቍል ሲወረድ ግን የሌላ ሰው ነገር ይታሰባል። በሰሜን አዲስ አበባ ከተራራው ግርጌ «ኮርያ ሰፈር» የሚባል መንደር አለ። ስሙን ያገኘው ከኮርያ ዘመቻ የተመለሱ ወታደሮች ስለ ሠፈሩበት ነው። የነዚህ ሰዎች ጀብዱ የተፈጸመው በሩቅ አገር ስለ ሆነ ስፍራው ሊመሰክርላቸው አይችልም፤ ከብዙዎቹም ዘንድ ዕቃው ጠፍቷል። የቀረው ጽሑፉ ብቻ ነው፤ እርሱም የጐደለና የተሳሳተ ሆኖ ሲገኝ ባለ ጕዳዩ ወዴት ይሄዳል?

ነገሩ በሚገባ እንዲታወቅ የዘመቻውን ታሪክ በአጭሩ ማውሳት ያስፈልጋል። በ1942 ዓ.ም. ማብቂያ ኮርያ በጦርነት በተያዘች ጊዜ የተባበሩት መንግሥታት ማኅበር አባሎቹን ለርዳታ ጠራ። ኢትዮጵያ በ1928 ዓ.ም. በግፍ ስትወረር ከዓለም መንግሥታት ማኅበር የጠየቀችውን ርዳታ ሳታገኝ የቀረች አገር ስለ ነበረች፥ የጋራ ጥበቃ በቃል ብቻ እንዳይቀር ስትል ጥሪውን ተቀበለች። በራስ መኰንን ፈረስ ስም ቃኘው የተባለው ጦር በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ከጂቡቲ በመርከብ ተነሥቶ በዚያው ዓመት ፑሳን ወደብ ደረሰ። የዘመቻው ጠቅላይ አዛዥ ኰሎኔል ከበደ ገብሬ ነበሩ፤ የመጀመሪያውን ሻለቃ ሌተና ኰሎኔል ተሾመ እርገቱ፥ ሁለተኛውን ሌተና ኰሎኔል አስፋው አንዳርጌ፥ ሦስተኛውን ሌተና ኰሎኔል ወልደ ዮሐንስ ሽታ አዘዙ። ጦሩ ከአሜሪካ 7ኛ ክፍለ ጦር ጋራ ተሰልፎ ተዋጋ። ተኵስ እስከ ቆመበት እስከ ሐምሌ 20 ቀን 1945 ዓ.ም. ድረስና ከዚያም በኋላ ለጥበቃ የሄዱት ተደምረው ከ6 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ወደ ኮርያ ተሻግረዋል። ከ120 በላይ ሞቱ፤ ከ530 በላይ ቆሰሉ፤ የተማረከ ግን አንድም አልነበረም። ከሞቱት የብዙዎቹ ዐፅም በአዲስ አበባ በመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ዐርፏል።

ለዚህ ውለታ ሽልማት አልጐደለም ነበር። የተባበሩት መንግሥታት ማኅበር በ1943 ዓ.ም. ላቋቋመው የኮርያ ሜዳይ የዘማቾቹን ልዩ ልዩ ቋንቋዎች ሲመርጥ አማርኛ አንዱ ሆነ፤ ኢትዮጵያዊው ወታደር ሜዳዩን በገዛ ፊደሉ ተጽፎ አነበበው። ቃኘው በሙሉ ጦርነቱ ከአሜሪካና ከኮርያ ፕሬዚደንቶች የጦር ክፍል ሽልማት ተቀብሏል። የጦር ክፍል ሽልማት ደግሞ ለአዛዡ ብቻ የሚሰጥ አይደለም፤ በክፍሉ መዝገብ ላይ ስሙ የሰፈረ ተራ ወታደር ሁሉ ተካፋይ ነው። ነገሩ ሁሉ የሚጠቀለለው ስሙ የሰፈረ በምትለው ቃል ላይ ነው።

በ1967 ዓ.ም. መንግሥት ተለወጠ። አዲሱ መንግሥት ከሰሜን ኮርያ ጋራ ወዳጅነት ባጠበቀ ጊዜ፥ ከሰሜን ኮርያ ጋራ የተዋጋ ሰው የትናንት ክብሩ የዛሬ ወንጀሉ ሊሆን ተቃረበ። ስለዚህ ሜዳዩን በመሬት የቀበረ አለ፤ ፎቶግራፉን ያቃጠለ አለ፤ በኋላም ችግር ቢጠናበት ሜዳዩን ለእንጀራ የሸጠ አለ። ዘመኑ አልፎ ዘማቾቹ ማኅበራቸውን አቋቁመው፥ በአፍንጮ በርም የመታሰቢያ ሐውልት ቆሞላቸው በአደባባይ ለመታየት ቢበቁም፥ የተቀበረው ሁሉ አልተገኘም፤ የተቃጠለውም አልተመለሰም። በ1943 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ መርከብ ላይ የወጣ ወጣት ዛሬ በሕይወት ቢገኝ ከ90 ዓመት በላይ የሆነ ሽማግሌ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ምርኵዙን ተደግፎ ወደ መሥሪያ ቤት ሲመጣ የሚለምነው ምጽዋት አይደለም፤ የሠራውን ሥራ ከስሙ ጋራ እንዲያጋጥሙለት ይጠይቃል።

በቀድሞ ዘመን የኢትዮጵያ ወታደር መዝገብ አልነበረውም፤ ምስክር ግን ነበረው። ከዘመቻ ሲመለስ በጌታው ፊት ቆሞ ዘራፍ ብሎ ሲፎክር የዋለበትን ስፍራ፥ የጣለውን ግዳይ፥ አብሮት የነበረውን ሰው ስም እየጠራ ነበር። ያልሠራውን ሠራሁ ቢል አብሮት የዋለው ጓደኛው በአደባባይ ያሳፍረዋልና ለመዋሸት ይፈራ ነበር። ጌታውም ሰምቶ፥ በምስክር አረጋግጦ፥ ለምድ ወይም ጐራዴ ወይም በብር የተለበጠ ጋሻ ይሸልመው ነበር። ስለዚህ ፉከራ ባዶ ትምክሕት ብቻ አይደለም፤ በብዙ ጆሮ ፊት የሚሰጥ የሥራ ማስታወቂያ ነበር።

ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በጫካ የተጋደለው አርበኛም የተፈተነው በዚሁ በምስክር ነበር። ለአርበኛው በተሰጠው ሜዳይ ላይ የሚጨመረው ዘንባባ የተጋደለበትን ዘመን የሚቈጥር ስለ ሆነ፥ አምስቱን ዓመት ሙሉ የታገለ ባለ 5 ዘንባባ ይባል ነበር። ጫካ ውስጥ ግን የደመወዝ ደብተር የለም፤ የቀን ማኅተም የለም። አንድ ዘንባባ ማለት አንድ ዓመት ረኃብና ብርድ፥ የተቃጠለ ቤትና የተገደለ ወንድም ማለት ሆኖ ሳለ፥ አለቃው ቢሞት ወይም ጓደኞቹ በጦር ሜዳ ቢያልቁ ያን ዓመት የሚቈጥርለት ሰው አይገኝም። ምስክሩ ሁሉ አብሮ ያለቀበት ሰው ይልቁን ብዙ መከራ ያየው ሰው ነበር።

የኮርያው ወታደር በዚህ ረገድ የተሻለ ዕድል ያገኘበት ጊዜ አለ። ማርሻል የተባለው አሜሪካዊ የጦር ታሪክ ጸሐፊ በ1945 ዓ.ም. የጸደይ ውጊያዎች ጊዜ ከቃኘው ዘንድ ተገኝቶ ነበር። የዚህ ሰው ልማድ ከውጊያ የተመለሱትን ወታደሮች ወዲያው በአንድነት ሰብስቦ፥ አንዱ የዘነጋውን ሌላው እያስታወሰ፥ አንዱ የሳተውን ሌላው እያረመ የሆነውን ሁሉ በተራ እንዲናገሩ ማድረግ ነበር። በዚህ ዐይነት በጻፈው መጽሐፍ እንደ ማሞ ሀብተ ወልድ ያሉ የቃኘው መኰንኖች ከጥቂት ሰዎች ጋራ ሆነው ብዙ ጠላት እንደ ተቋቋሙ በዓለም ዘንድ ታወቀ። ልብ ብሎ ለተመለከተው ይህ ሥራ በጓደኞች ፊት ከሚደረገው ከቀድሞው ፉከራ ብዙ አይርቅም፤ ልዩነቱ ጸሐፊ መቀመጡ ብቻ ነው። በሌላው ሌሊት፥ ጸሐፊ ባልነበረበት ኰረብታ ላይ፥ ከዚህ ያላነሰ ሥራ የሠራ ወታደር ግን ስሙን የሚያውቀው የለም።

የመዝገብ ስሕተት ሁልጊዜ ከክፋት የሚመጣ አይደለም፤ አብዛኛው ከትንንሽ ነገር ይመጣል። አንደኛው ስም ነው። ኢትዮጵያዊ በስሙና በአባቱ ስም ሲጠራ፥ የውጭ አገር ጸሐፊ የአባቱን ስም የቤተ ሰብ ስም አድርጎ ስለሚመዘግበው አንዱ ሰው በሁለት ስፍራ ሁለት ሰው ይሆናል። ሀብተ ወልድ የሚለውን ስም በላቲን ፊደል ሦስት ሰዎች ቢጽፉት በሦስት ዐይነት ሊጽፉት ይችላሉ። በአማርኛም ቢሆን ኃይሉ የሚለው ስም በሃሌታው «ሀ»፥ በሐመሩ «ሐ» ወይም በብዙኃኑ «ኀ» ተጽፎ፥ ሠይፉ የሚለውም በንጉሡ «ሠ» ወይም በእሳቱ «ሰ» ተጽፎ ሊገኝ ስለሚችል፥ በአንዱ ፊደል ፈልጎ ያጣው ጸሐፊ «የለም» ብሎ ይመልሳል። ሁለተኛው የዘመን አቈጣጠር ነው። በ1943 ዓ.ም. ዘመትኩ የሚለውን ሰው ቃል አቈጣጠሩን ሳያስተውል የተመለከተ ሹም፥ በፈረንጆች 1943 የኮርያ ጦርነት አልተጀመረም ብሎ እውነተኛውን ሰው ሐሰተኛ ሊያደርገው ይችላል። ሦስተኛው ማዕርግ ነው፤ በኮርያ ዐሥር አለቃ የነበረ ሰው በኋላ መኰንን ሆኖ ጡረታ ቢወጣ ሁለቱን ወረቀት የሚያገናኝ ሳይኖር ይቀራል።

ይህ ችግር የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም፤ ሌሎች አገሮችም ደርሶባቸው መላ አበጅተውለታል። በአሜሪካ በ1938 ዓ.ም. በወጣ ሕግ መሠረት የወታደር መዝገብ ስሕተት ቢኖርበት መርምሮ የሚያርም ቦርድ ተቋቋመ፤ አቤቱታውንም ወታደሩ ወይም የሞተ እንደ ሆነ ወራሹ ሊያቀርብ ይችላል። በሐምሌ 1965 ዓ.ም. በሴንት ሉዊስ ከተማ የወታደሮች መዝገብ ቤት ተቃጥሎ ከ16 እስከ 18 ሚሊዮን የሚሆን ፋይል በጠፋ ጊዜም፥ መዝገባችሁ ስለ ተቃጠለ መብታችሁም ተቃጥሏል አልተባለም፤ ከደመወዝ ዝርዝርና ከሌሎች መሥሪያ ቤቶች ወረቀት እየተለቀመ መዝገቡ እንደ ገና እንዲታነጽ ተደረገ። ቬርነን ቤከር የተባለው ጥቍር አሜሪካዊ በ1937 ዓ.ም. በኢጣልያ ምድር ለፈጸመው ጀግንነት በጊዜው ዝቅ ያለ ኒሻን ተሰጥቶት ነበር። በዚያ ጦርነት ለአንድም ጥቍር ወታደር የበላዩ ሜዳይ ያልተሰጠው በዘር አድልዎ መሆኑ በምርመራ ስለ ታወቀ፥ በ1989 ዓ.ም. ከሌሎች 6 ሰዎች ጋራ የሚገባውን ተሸለመ። ከሰባቱ መካከል በሕይወት ቆይቶ ሽልማቱን በገዛ እጁ የተቀበለው እርሱ ብቻ ነበር። የስድስቱን ቤተ ሰቦች የተቀበሉት ሰነድ አጽናናቸው፤ ባለቤቶቹ ግን ዐልፈው ነበር። ይህ ታሪክ ሁለት ነገር ያስተምራል፤ ከ50 ዓመት በኋላም ማረም እንደሚቻል፥ ደግሞም መዘግየት ራሱ በደል እንደሚሆን።

ሹማምንት የሚፈሩት ሐሰተኛ ጠያቂ እንዳይገባ ነው፤ ፍርሃቱም ያለ ምክንያት አይደለም። ያልዘመተ ሰው የዘማችን ሜዳይ ቢያጠልቅ የሞቱትን ይሰድባል። ነገር ግን ሐሰተኛውን ለመከልከል ተብሎ በሩ ለሁሉ ቢዘጋ፥ ሐሰተኛው ሌላ ቀዳዳ ሲፈልግ እውነተኛው በደጅ ይቀራል። የጥንቃቄ ሥራ በሩን መዝጋት ሳይሆን በበሩ ላይ ዐዋቂ ዘበኛ ማቆም ነው። ጠያቂው ስሙን ከአባቱና ከአያቱ ስም ጋራ ያስመዝግብ፤ የነበረበትን ሻለቃና ሻምበል፥ የሻምበል አዛዡን ስም፥ የተሳፈረበትንና የተመለሰበትን ጊዜ፥ ቆስሎ እንደ ሆነ የታከመበትን ስፍራ ይናገር። ስሙ በሁሉም ፊደል ይፈለግ፤ ዘመኑ በሁለቱም አቈጣጠር ይመዘን። በሕይወት ያሉ ጓደኞቹ ለየብቻ ይጠየቁ፤ ቃላቸውም ይነጻጸር። በአገር ውስጥ ወረቀት ቢጠፋ በውጭ አገር ያለው ይጠየቅ፤ ቃኘው ከአሜሪካ ክፍለ ጦር ጋራ የተዋጋ ስለ ሆነ የዚያ ክፍለ ጦር ሰነድ ብዙ ሊያስረዳ ይችላል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ጥያቄው ውድቅ ቢሆን ምክንያቱ በጽሑፍ ይሰጠው፤ «ነገ ተመለስ» የሚለው መልስ ግን 90 ዓመት ላለፈው ሰው መልስ አይደለም።

ካህናትም በዚህ ነገር ድርሻ አላቸው። በኢትዮጵያ ብዙ ሰው ሁለት ስም አለው፤ የዓለም ስሙን መሥሪያ ቤት ሲያውቀው የክርስትና ስሙን የሚያውቀው ቤተ ክርስቲያን ነው። የሞተውን ዘማች ማን እንደ ሆነ፥ ልጆቹም እነማን እንደ ሆኑ፥ የፍትሐቱንና የመቃብሩን ስፍራ ደብሩ ያውቃል። የኑዛዜ ምስጢር እንደ ተጠበቀ ሆኖ፥ በአደባባይ የታወቀውን ነገር ካህኑ በጽሑፍ ቢያረጋግጥ የአንድ ቤተ ሰብን አቤቱታ ከመውደቅ ሊያድን ይችላል። ሽማግሌውን ወታደር በሰንበት በቤተ ክርስቲያን ደጅ ያገኘ መምህርም አጠገቡ ተቀምጦ የነገረውን በወረቀት ቢያሰፍርለት፥ ቀኑንና የሰሚዎቹንም ስም ቢጨምርበት፥ የጸሐፌ ትእዛዝን ሥራ ለድኻ ሠራ ማለት ነው።

በእንጦጦ ማርያም የተጠበቀው ንዋይ ከመጥፋት የዳነው በራሱ ኀይል አይደለም፤ ተራ በተራ የተረከቡት ሰዎች ቈጥረው ስለ ተቀበሉ፥ ቈጥረውም ስላስረከቡ ነው። የወታደር ስምም እንደዚያ ያለ ንዋይ ነው። የተቀበረው ሜዳይ በመሬት ውስጥ ዝጎ ይቀር ይሆናል፤ በሽማግሌው ልብ ያለው ምስክርነት ግን ከባለቤቱ ጋራ ሳይቀበር ዛሬ ሊጻፍ ይችላል። የመዝገብ ሹም ብዕሩን ሲያነሣ የሚያርመው የወረቀት ስሕተት ይመስለዋል፤ በእውነቱ ግን የሚያርመው አገር ለልጇ የሰጠችውን ቃል ነው።