የአገር ኑሮ በምን ይለካል? ከደሴ ገበያ እስከ መንግሥታት ስምምነት

ማንኛውም የመለኪያ መሣሪያ የተሠራበትን መጠን እንጂ ሌላ መጠን አይለካም። የመኪና ፍጥነት መለኪያ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ቢያሳይ፣ ነዳጁ ሊያልቅ መቃረቡን ወይም ሞተሩ መጋሉን አይነግረንም። በምጣኔ ሀብትም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። መንግሥታት የአገራቸውን ዕድገት ሲገልጹ የኖሩት በአብዛኛው አጠቃላይ የአገር ውስጥ ምርት በሚባለው አንድ ቁጥር ነው። በዚህ ጽሑፍ ቁጥሩ ምን እንደሚለካና ምን እንደማይለካ፣ መንግሥታትም ሌላ መለኪያ ለማበጀት ለምን እንደተባበሩ፣ ከደሴና ከኮምቦልቻ ምሳሌ እየወሰድን ለማስረዳት እንሞክራለን።

ምርት ፍሰት ነው

አጠቃላይ የአገር ውስጥ ምርት ማለት በአንድ ዓመት ውስጥ በአገሪቱ የተመረቱ የመጨረሻ ዕቃዎችና አገልግሎቶች የገበያ ዋጋ ድምር ነው። በፊዚክስ አነጋገር ፍሰት ነው፤ በደቂቃ ወደ ገንዳው የሚገባውን ውኃ እንጂ በገንዳው የተጠራቀመውን አይናገርም። በ2014 ዓ.ም መጀመሪያ ጦርነት ወደ ደሴና ኮምቦልቻ በደረሰ ጊዜ ሥራ በመቆሙ የቀረው ምርት በሂሳቡ ላይ ይጎድላል። የፈረሰው ሕንፃና የወደመው መሣሪያ ግን ራሱ አይቀነስም፤ ለመጠገኛው የሚወጣው ገንዘብ ደግሞ እንደ አዲስ ምርት ይደመራል። እናት በቤቷ ልጅ ስታሳድግና ወጥ ስትሠራ የምትደክመው ድካምም በሂሳቡ ውስጥ አይገባም። የዚህ ስሌት መሥራች ከሚባሉት አንዱ ሳይመን ኩዝኔትስ፣ እ.ኤ.አ. በ1934 ለአሜሪካ ምክር ቤት ባቀረበው ሪፖርት የአንድን ሕዝብ ደኅንነት ከብሔራዊ ገቢ ብቻ መገመት እንደማይቻል አስጠንቅቆ ነበር።

የደሴ ገበያ ያስተማረው

መለኪያን ማሳሳት ምን ያህል ከባድ ዋጋ እንደሚያስከፍል የወሎ ሕዝብ ያውቀዋል። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም በደረሰው ረሃብ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖች አለቁ። ህንዳዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው መጽሐፍ ይህንን ረሃብ ሲመረምር የደሴን ገበያ የእህል ዋጋ ተመልክቷል። ረሃቡ በርትቶ ሳለ ዋጋው ከቀድሞው እጅግ የራቀ አልነበረም። በአገር ደረጃም የምግብ ምርቱ ብዙ አልቀነሰም ነበር።

ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? ሰብሉ የጠፋበት ገበሬ የሚበላውን እህልና የሚገዛበትን አቅም በአንድ ጊዜ አጣ። የውኃ ፍሰት የግፊት ልዩነት እንደሚያስፈልገው ሁሉ፣ እህልም ከትርፍ አምራች አካባቢ ወደ ወሎ እንዲመጣ የዋጋ ልዩነት ያስፈልገዋል። ገንዘብ የሌለው ረሃብተኛ ግን ዋጋን ከፍ ሊያደርግ አይችልም። እንዲያውም ከወሎ ወደ ሌላ ቦታ እህል ይወጣ እንደነበር ሴን ጠቅሷል። ትንታኔውን የተቹ ምሁራን ቢኖሩም፣ የአገር አማካይ ደህና መስሎ ሳለ ሰው ሊያልቅ እንደሚችል ግን ግልጽ ሆነ።

ሦስት መጠኖች በአንድ

ፓኪስታናዊው ማህቡብ ኡል ሃቅ ከሴን ጋር እየተመካከረ የቀረጸው የሰብአዊ ልማት መለኪያ እ.ኤ.አ. በ1990 በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም አማካይነት ወጣ። መለኪያው ዕድሜን፣ ትምህርትንና ገቢን ያጣምራል። እ.ኤ.አ. ከ2010 ወዲህ ሦስቱ የሚጣመሩት በጂኦሜትሪያዊ አማካይ ነው። ለምሳሌ ሦስቱ ውጤቶች 0.8፣ 0.8 እና 0.2 ቢሆኑ ተራው አማካይ 0.6 ይሆናል። ጂኦሜትሪያዊው አማካይ ግን የብዜታቸው የ0.128 ሦስተኛ ዘር ነው፤ ይህም 0.504 ገደማ ይሆናል። ስለዚህ በአንዱ ዘርፍ የታየ ጉድለት በሌላው ብልጫ በቀላሉ አይሸፈንም።

የመንግሥታት ትብብር

እ.ኤ.አ. በ2011 በቡታን መሪነት የቀረበ ውሳኔ በተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ጸደቀ፤ አገሮች የሕዝባቸውን ደኅንነት የሚያሳዩ ተጨማሪ መለኪያዎችን እንዲያበጁ ይጋብዛል። እ.ኤ.አ. በ2015 ኢትዮጵያን ጨምሮ 193 አገሮች የተቀበሏቸው የዘላቂ ልማት ግቦችም፣ በ17ኛው ግብ ሥር፣ አጠቃላይ ምርትን የሚያሟሉ መለኪያዎች እስከ 2030 እንዲዳብሩና የታዳጊ አገሮች የስታቲስቲክስ አቅም እንዲጠናከር ይጠይቃሉ። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2018 ደግሞ ስኮትላንድ፣ አይስላንድና ኒው ዚላንድ የኑሮ ደኅንነትን ዓላማ ያደረገ የኢኮኖሚ ፖሊሲ ልምድ ለመለዋወጥ ኅብረት መሠረቱ፤ በ2020 ዌልስና ፊንላንድ ተቀላቀሉ። አይስላንድ 39 መለኪያዎችን መረጠች፤ ኒው ዚላንድም በ2019 በጀቷን በዚሁ መንፈስ አዘጋጀች።

ይህ ሐሳብ የበለጸጉ አገሮች ቅንጦት ነው የሚሉ አሉ። በእርግጥም ምርት ሳያድግ ድህነት አይጠፋም። ለየትኛው መለኪያ ምን ያህል ክብደት ይሰጥ የሚለውም በሳይንስ ብቻ አይወሰንም፤ የሕዝብ ምርጫ ነው። የወሎ ታሪክ ግን የሚያስረዳው ድኻ አገር በመለኪያ ስሕተት ይበልጥ እንደሚጎዳ ነው።

ወደ ኮምቦልቻ ስንመለስ

በ2009 ዓ.ም የተመረቀው የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ለብዙ ወጣቶች የሥራ ተስፋ ነበር። በዚሁ ከተማ ተመራማሪዎች የፋብሪካ ፍሳሽ በሚቀበሉ ትንንሽ ወንዞች ውስጥ፣ ቆዳ ለማልፋት የሚያገለግለውን ክሮሚየምን ጨምሮ፣ ከባድ ብረቶችን ለክተዋል። እነዚህ ወንዞች ወደ ቦርከና፣ ቦርከናም ወደ አዋሽ ይፈሳሉ። የፋብሪካው ሽያጭ በምርቱ ሂሳብ ውስጥ ይታያል፤ በታችኛው ተፋሰስ ከብቱን የሚያጠጣው ገበሬ የሚደርስበት ጉዳት ግን አይታይም። ሁለቱን ጎን ለጎን ለማስቀመጥ የወንዙ ውኃ በየወቅቱ መለካት፣ የሠራተኛው ደመወዝና ጤናም መመዝገብ ይኖርበታል።

እንግዲህ ውድ ተማሪዎች፣ መንግሥታት የሚፈርሙት ስምምነት ፍሬ የሚያፈራው መረጃው ሲገኝ ነው። የውኃ ናሙና የሚወስደው የኬሚስትሪ ተማሪ፣ መሣሪያውን የሚያስተካክለው የፊዚክስ ተማሪ፣ ቁጥሩን የሚተነትነው የስታቲስቲክስ ተማሪ፣ ሦስቱም የዚህ ሥራ ባለድርሻዎች ናቸው። ያልተለካ ጉዳት በበጀት ጠረጴዛ ላይ ተከራካሪ የለውምና።